የአያ ባዘዘው ጃፓኖች

የአያ ባዘዘውን ሞት የሰማሁት በጨርቅ ትእዛዝ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ ቆሞ ነበር። ስልኬ ጮኸ፣ ጌታሁን ነው። ሰላምታ የለ፣ የት ደረስክ የለ።

«ሱቅህ ውስጥ አቡጀዲ አለ?» አለኝ።

ጌታሁን ልብስ ሰፊ ነው። አቡጀዲ ለኪስ ገበር ይወስዳል፤ ለኪስ ገበር ብሎ ስልክ የሚደውል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። «ስንት ሜትር?» ስለው ዝም አለ። አያ ባዘዘው ታመው ከተኙ ወር አልፏቸው ስለነበር ለመገነዣ መሆኑ ከዝምታው ገባኝ። የነጋዴ ነገር ሆኖ መጀመሪያ «አለ፣ ሚስቴ ትቆርጥልሃለች» አልኩት፤ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ማለቱ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ጌታሁን ዘመዳቸው አይደለም። ነገር ግን በእሳቸው ሞት ከሁሉ አስቀድሞ መጽናናት የሚገባው እሱ እንደሆነ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ደግሞ ስለ አራት ጃፓኖች ማውራት ሊኖርብኝ ነው።

የእኔን ብትን ጨርቅ መሸጫና የአያ ባዘዘውን ልብስ ስፌት የሚለያያቸው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። ጣውላው ሳል ያሳልፋል፣ ሐሜት ያሳልፋል፣ የዋጋ ክርክርም ያሳልፋል። እሳቸው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ ነጠላቸው ሥር ሜትሩ ይታያል። ሰው ሲገባ ፊቱን አያዩም፣ ትከሻውን ነው። «ፊት የፈለገውን ያወራል፤ ትከሻ የሆነውን ነው የሚያወራ» ይሉ ነበር። የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፣ ልኩ አይጠፋባቸውም። «ያ ግራ ትከሻው የወረደው ሰላም ብሎሃል» ካሉኝ፣ ማን እንደሆነ አስቤ የምደርስበት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ሱቄ ገባና ከአዲስ አበባ፣ ከትልቅ መሥሪያ ቤት እንደመጣ ነገረኝ። ለሠራተኞች የደንብ ልብስ ብዙ ጨርቅ ይፈለጋል፤ እሱ ለጊዜው ናሙና ይዞ ይሄዳል፤ ናሙናውም ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ሜትር ነው። ወንበር አቅርቤ፣ ለስላሳ አስከፍቼ መቀሱን ሳነሣ ከጣውላው ወዲያ የአያ ባዘዘው ድምፅ መጣ።

«ኮቱ አማኑኤል ነው የተሰፋ። የማን እጅ እንደሆነም አውቃለሁ።»

ሰውየው ለስላሳውን ሳይጨርስ ወጣ። በኋላ ሳጣራ እውነትም የቅርባችን ከተማ የአማኑኤል ሰው ነው፤ በናሙና ቤተሰቡን ሁሉ አልብሷል። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ስለ ልብስ የተናገሩትን ተጠራጥሬ አላውቅም። ማንም አይጠራጠርም ነበር። ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚህ ነው።

ጃፓኖቹ የመጡት በቤት ኪራይ ነው። ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ መምህር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሊያስተምር መጥቶ፣ እሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አገሩ ሲመለስ ቴፑንና አንድ ካሴት ትቶላቸው ሄደ። ካሴቱ ከእሱ ከተማ የወጡ የአራት ልጆች ነው፤ አንዱ ይዘፍናል፣ ሁለቱ ጊታር ይመታሉ፣ አንዱ ከበሮ። ሮክ ይሉታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ስሰማው የወፍጮ ቤቱ ሞተር የተሰበረ መስሎኝ ወጥቼ ነበር።

ያን ጊዜ ጌታሁን ገና ከአያ ባዘዘው ጋር ነው የሚሠራው። እሱ የእኔ እኩያ ነው፤ እሱና አያ ባዘዘው ግን ከአንድ ባለሙያ እግር ሥር ስለተማሩ በመካከላቸው አንቱ የሚባል ነገር አልነበረም። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አያ ባዘዘው ይቆርጣሉ፣ ኮሌታና ኪስ ይሠራሉ፤ ጌታሁን ይገጣጥማል። ካሴቱ ሲከፈት ዘፋኙን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ከበሮውን ነው የሰሙት። ትንሽ አዳመጡና የሁለቱም እግር የስፌት መኪናውን ፔዳል በከበሮው ልክ ይረግጥ ጀመር። ሁለት መኪና በአንድ ከበሮ።

«ይህ ልጅ ክር አይበጥስም» ብለው ፈረዱ አያ ባዘዘው።

ከዚያ በኋላ ያለዚያ ካሴት አልተሠራም። የሱሪ ጎን ለመያዝ ፈጣኑ ዘፈን፣ እጅጌ ለመግጠም ዘገም ያለው። ጣውላው ስለሚያሳልፍ እኔም አንዲት ቃል ሳላውቅ ዜማውን ሁሉ ያዝኩ። ሮብ ገበያ ወርጄ ጨርቅ ስለካ ሳፏጨው አንድ ገበሬ የየት አገር ዘፈን ነው ብሎ ጠይቆኛል። የጎረቤቴ ነው አልኩት።

ኬንጂ ሰው የማይረሳ ልጅ ነበር። ልጆቹ አዲስ ሥራ ባወጡ ቁጥር፣ በሁለት ዓመትም ይሁን በአራት፣ በፖስታ ይልክላቸዋል። ካሴት ቀርቶ ሲዲ ሲመጣ አያ ባዘዘው ማጫወቻ ገዙ። ደብዳቤው እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ቀረና ዕቃው ብቻ ይመጣ ጀመር። በጃፓንኛ የተጻፈውን የሚያነብ የለም። ስለዚህ የልጆቹን ኑሮ የምናውቀው ከሽፋኑ ፎቶ ነው፤ ፎቶውን የሚያነቡት ደግሞ አያ ባዘዘው ናቸው።

በመጀመሪያው ሽፋን አራቱ ጠባብ መንገድ ላይ ቆመዋል። የዘፋኙ እጅጌ አውራ ጣቱን ሸፍኗል፤ የአንደኛው ጊታር መቺ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል። «ተዋውሰው ነው የለበሱት» አሉ። «ድሆች ናቸው። ግን ይዋደዳሉ፤ የማይዋደድ ሰው ሱሪ አይዋዋስም።» በሁለተኛው ላይ አራቱም ሰማያዊ ኮት አድርገዋል። ወደ ብርሃን አውጥተው ብዙ አዩትና ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ፣ በአንድ እጅም የተሰፋ መሆኑን ነገሩን፤ ሥራ ይዟቸዋል ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ ቆዳና ዚፕ መጣ። ኪስ በሌለበት ሁሉ ዚፕ። «ከበሩ» አሉ፣ ልክ ታመሙ እንደሚባለው አድርገው። እኔን ግን ያ ሽፋን ጠቅሞኛል። ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት የከተማው ጎረምሳ ሁሉ አይቶት የዚፕ ጃኬት አሰፋ፤ በዚያ ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቀረ ዚፕ አልነበረም። ጃፓኖቹ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም።

ከአራቱ የሚወዱት ከበሮ መቺውን ነው። አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ አንገት ያልተረፈው ልጅ ነው። በየትኛውም ሽፋን ላይ የለበሰው ልኩ ሆኖ አያውቅም። «ይህን ልጅ እስከ ዛሬ የሰፋለት የለም፤ የሸፈኑት ብቻ ናቸው» እያሉ ይናደዱ ነበር። አንድ ጊዜ ጃፓን በየት በኩል እንደሚኬድ ጠየቁኝ። ዓለምን ለማየት መስሎኝ ነበር። ለልኬት ኖሯል።

ጠቡ የመጣው ከሦስተኛው ሽፋን በኋላ ነው፤ የጃፓኖቹ ሳይሆን የእኛዎቹ። የአንድ ሙሽራ ኮት ሲለካ፣ አባትየውና ሚዜዎቹ ባሉበት፣ አያ ባዘዘው ጌታሁን የገጠመውን እጅጌ በሁለት ጣታቸው አንሥተው «ይህን የሰፋው እጅ ነው ወይስ እግር?» አሉ። ሰው ሳቀ። ጌታሁን ተነሣ፣ የስፌት መኪናውን ጋሪ ላይ ጫነ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ።

አሥራ አንድ ዓመት ተፋጠው ተቀመጡ። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን በአንዱ በር ከገባ ሌላው በሌላው ይወጣል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተልኳል። አያ ባዘዘው እጅጌው ጠማማ ነበር ይላሉ፤ ጌታሁን ሰው ፊት ነበር ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሽማግሌውን ያቃተውም ይኸው ነው። ያም ሆኖ ሙዚቃው አስፋልቱን ይሻገር ነበር። ጌታሁን እግሩን በዚያው ከበሮ ልክ ይርገጥ አይርገጥ አላየሁም፤ ቴፑን ቀንሱልኝ ብሎ ግን ሰው ልኮ አያውቅም። እኔ በእርቁ ነገር ብዙ አልደከምኩም። አንዱ አዲስ ሱፍ ሲወስድ ሌላው የተሻለ አምጣልኝ ይለኛል፤ ጠባቸው ለብትን ጨርቅ መልካም ነበር።

በዚህ መሀል አራተኛው ሽፋን መጣ። አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ሸሚዝ፣ አንዱ ሱፍ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ከበሮ መቺው ዳር ላይ በሹራብ ቆሟል።

«ተጣልተዋል» አሉ አያ ባዘዘው።

«ኧረ እየሳቁ ነው እኮ አያ ባዘዘው።»

«ሳቁ የፎቶ አንሺው ነው። አራት ሰው አራት ልብስ ሰፊ ዘንድ ከሄደ ምን ቀረ?» ይህን ሲሉ ዓይናቸው በበሩ ወጥቶ ማዶ ሄደ። እኔም ያየሁ አልመሰልኩም።

አምስተኛውን ዕቃ ከፖስታ ቤት ይዘው ሲመጡ ካርቶኑን እኔ በር ላይ ቀደዱት። ሽፋኑ ላይ የቆሙት ሦስት ናቸው። ከአንገት እስከ ጫማ ጥቁር ለብሰዋል። ዘፋኙ ጢሙን አሳድጓል፤ አንዱ ጊታር መቺ ራሱን ተላጭቷል። ከበሮ መቺው የለም። ገብተው ሲዲውን ከፈቱና መኪናው ላይ ተቀመጡ፤ ከበሮው ሌላ እጅ ነው። እግራቸው አልሄድ አለ። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለት ጊዜ ክሩ ተበጠሰ።

እኛ ዘንድ ጥቁር ለብሶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ከጎኑ ሰው ጎድሎበት የቆመን ሰው ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አያ ባዘዘው ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ሲያወርዱት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሞቷል» አሉኝ። ሱቁን ዘግተው ቤታቸው ሄዱና ለቅሶ ተቀመጡ።

ከተማው መሳቁ አልቀረም። ግን ሰው ለቅሶ ከተቀመጠ ይኬዳል፤ እየሳቁም ቢሆን ይኬዳል። የእድሩ ዳኛ ድንኳን ይተከል አይተከል ለመወሰን መዝገብ ይዘው መጡ። በደንቡ ያለው እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እኅት፣ የሚስት ወገን ነው።

«ሟቹን ምንህ ነው ብለን እንጻፈው ባዘዘው?»

«ደንበኛዬ በሉት።»

«ሰፍተህለት ታውቃለህ?»

«አልሰፋሁለትም። እግሬ ግን በእሱ ነው የሚሠራ፤ ይኸው ስንት ዓመቱ።»

ዳኛው ደንቡን ሁለት ጊዜ አገላበጡና ለሥራ ባልደረባ ድንኳን እንደማይፈቀድ፣ አግዳሚ ወንበር ግን እንደሚፈቀድ ወሰኑ። በአግዳሚ ወንበር ተለቀሰ። ንፍሮም ቀረበ። አልቃሿ የሟቹን ስም ስትጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ፤ «አንተ ከበሮ መቺ» እያለች አለቀሰችለት። መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቁ የነበሩት ሴቶች ቆየት ብለው የየራሳቸው ሰው ትዝ አላቸውና የምራቸውን አለቀሱ። ከምናውቀው ሰው ያልመጣ ጌታሁን ብቻ ነው። ሱቁን ከፍቶ ሲሰፋ ሰነበተ።

በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ሁለቱን ሽፋኖች፣ አራተኛውንና አምስተኛውን፣ ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አደረጓቸው።

«ይኸውልህ፣ እዚህ ላይ ተጣልተው ነበር» አሉኝ። «እዚህ ላይ ሞቷል። በመካከል ሌላ ሽፋን የለም።»

በማግስቱ ቀትር ላይ መጥተው ሱቁን ከፈቱ፤ ሥራ ላይ ግን አልተቀመጡም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አያ ባዘዘው በመንገዱ ዳርና ዳር ድንጋይ ፈለጉ። አንዱ ወገን አስፋልት፣ ሌላው ኮብልስቶን፣ የሚነቀል ድንጋይ ጠፋ። ተመልሰው የከሰል ካውያቸውን አነሡ፤ ወፍራም ብረት ነው፣ ከድንጋይ አያንስም። ማጅራታቸው ላይ አስቀመጡት፣ አጎነበሱ፣ ባጃጁንም ጋሪውንም አስቁመው አስፋልቱን ተሻገሩ። የገበያ ቀን ስለነበር የሚያየው ሰው ብዙ ነው። እኔም ገዢ ትቼ ተከተልኩ፤ ይህን በንግድ ዘመኔ ያደረግሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ጌታሁን ከሥራው ቀና ብሎ ብዙ አያቸው።

«ካውያው ትኩስ ነው?» አለ።

«ቀዝቃዛ ነው።»

«እንግዲያውስ አስቀምጠው፤ አንገትህን ይሰብርሃል።»

በቃ፣ እርቁ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻይ አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ይጠጣሉ። ጨርቅ ሊገዙም አብረው ይመጣሉ፤ አንዱ ዋጋ ሲከራከር ሌላው ጉድለት ይፈልጋል። እርቁ እኔን ጎድቶኛል። አያ ባዘዘው የታመሙ ጊዜ ሱቃቸውን የከፈተው ጌታሁን ነው፤ እስከ ምሳ የራሱን፣ ከምሳ በኋላ የእሳቸውን።

የቀረውን ከባለጉዳዮቹ በቀር እስከ ቀብራቸው ቀን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው ጌታሁን «ጻፈው፤ የሚስቅ ቢኖርም እሱ አይሰማም» ስላለኝ ነው።

ከእርቁ ጥቂት ወራት በኋላ ልጄ ሰብለ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣች። የለቅሶውን ነገር ስነግራት ስልኳን አወጣች። አያ ባዘዘው ሱቅ የተሰቀለውን ሽፋን ፎቶ አንሥታ ስታፈላልግ ቆየችና አሳየችኝ። ከበሮ መቺው በሕይወት አለ። ወፍሯል። ከጓደኞቹ ጋር አልስማማ ብሎ ቡድኑን ለቅቆ በትውልድ ከተማው ሾርባ ቤት ከፍቷል፤ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጭልፋ ይዞ ይስቃል። ሽርጡም ልኩ አይደለም። የሌሎቹን ጥቁር ልብስ ስጠይቃት፣ አባዬ የሮክ ሰዎች ጥቁር የሚለብሱት አዝነው አይደለም፣ እንደዚያው ነው አለችኝ። የተላጨው ደግሞ ፀጉሩ እየሸሸ አስቸግሮት ነው።

ወሬውን ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። ጉድለት እያወቁ ዝም ማለት ለነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ግን ያስፈራኝ ነበር። ብናገር አያ ባዘዘው ያላበደ ሰው የማያደርገውን እንዳደረጉ ይታወቃል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ጌታሁን ነው። ለእኔ ብለህ አይደለም የመጣኸው፣ ለጃፓን ነው፣ እሱም አልሞተ ቢላቸው ምን ሊመልሱ? ያ ሁሉ ዓመት እንደገና ሊጀምር ነው። ዝም ብል ደግሞ ስልክ የያዘው ሰብለ ብቻ አይደለችም። ገበያ መሀል ከሚነገራቸው እኔ ብነግራቸው ይሻላል አልኩ።

ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ የልጄን ስልክ ሰጠኋቸው። አራቅ አድርገው ብዙ አዩት።

«እሱ ነው» አሉ። «ትከሻው እሱ ነው። ተመስገን።»

የምር ደስ ብሏቸው ነበር። ቆይቶ ነው የቀረው ነገር የገባቸው። ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና «ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አሉ። ስለ ልብስ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ጌታሁን ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አያውቅም፣ ከእኔና ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ከፈለጉም እንደዚያው ይቀራል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በተሳሳተ ልክ የተሰፋ ልብስ ለባለቤቱ ይነገረዋል እንጂ አይታለፍም አሉኝና ተነሡ።

ሲሻገሩ እጃቸው ባዶ ነበር። ከኋላቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ጌታሁን፣ ሰውየው አልሞተም» አሉት።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ከበሮ መቺው። ሾርባ ቤት ከፍቷል። ጓደኞቹም አላዘኑም፤ እኔ ብቻዬን ነኝ ያለቀስኩ። ያን ቀን አንተ ዘንድ የመጣሁት በስህተት ነው።» ወደ በሩ ዞር አሉ። «ልመለስ?»

የጌታሁን መኪና ቆመ። ክሩ ከመርፌው ወጥቶበት ነበር፤ ጫፉን በከንፈሩ አርጥቦ፣ አሹሎ፣ በመርፌው ዓይን እስኪያሳልፈው ቀና አላለም።

«እኔ ስንት ዓመት የምትመጣበትን ሰበብ ስፈልግልህ ኖሬያለሁ» አለ። «በዓል አሰብኩ። ለቅሶ አሰብኩ። የልጄን ሠርግ አሰብኩ። ጃፓን ግን አልመጣልኝም። ተቀመጥ።»

አያ ባዘዘው ተቀመጡ።